«ሳጥን ምን አስፈለገው? ሣሩ ላይ አለልህ»

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ የሚያነቡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በግልጽ ያነባል። ሁለተኛው ከቁም ነገር መጽሐፍ ሥር ደብቆ ያነባል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ። በማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት ያደገ ትውልድ አባል እንደመሆኔ፣ ሕግ ስማርም የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከላይ አድርጌ ከሥር ሌላ ነገር የማነብባቸው ሌሊቶች ጥቂት አልነበሩም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ብጽፍ አንባቢ ይቅርታ ያደርግልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ሪቻርድ ፕሪስተን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው «ዘ ኮብራ ኢቨንት» ነው። ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በኒውዮርክ ከተማ አንዲት ተማሪ ጉንፋን የያዛት መስሏት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ላይ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ራሷን ትነክሳለች፣ ወዲያው ትሞታለች። አንዲት ወጣት የበሽታ መርማሪ ሐኪም አስከሬኑን ስትመረምር፣ በሽታው በተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ሰው በላቦራቶሪ ያቀናበረው ቫይረስ መሆኑን ትደርስበታለች። ቫይረሱ የሚሰራጨው በትናንሽ የእንጨት ሳጥኖች ነው። ሳጥኑን የከፈተ ሰው አለቀለት። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ሰውየው ማን ነው? ቀጣዩ ሳጥን የት አለ? ይደርሱበት ይሆን?

ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ የምንዋዋስ ጥቂት ጓደኞች አሉን። ይህም መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በአንድ የእሑድ ከሰዓት ቡና ላይ ለፍርድ ቀረበ። ሐኪሙ ወዳጃችን በአንድ ሌሊት እንደጨረሰው ነገረን። የአስከሬን ምርመራው አገላለጽ እውነተኛ ስለሆነ እራት አልበላ ብሎታል። ሆኖም የነፍሳትን ቫይረስ፣ ፈንጣጣንና ጉንፋንን አንድ ላይ መስፋት ደራሲው እንዳቀለለው ቀላል አይደለም አለ። የሥነ ጽሑፍ መምህሯ ደግሞ ሰዎቹ ሰው አይመስሉም ስትል ወቀሰች፤ ቫይረሱ ከባለታሪኮቹ ይልቅ ጠባይ አለው፣ ክፉው ሰውዬም ለምን ክፉ እንደሆነ በቅጡ አልተነገረንም ባይ ናት። መሐንዲሱ ደራሲው ትረካውን እያቆመ ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ ሲያስተምር ሰለቸኝ ሲል፣ የሒሳብ ባለሙያው በተቃራኒው የወደድኩት እሱን ነው አለ። ከመካከላችን አንዱ ግን እስካሁን የሚከነክነኝን ጥያቄ አነሳ። «እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ መጻፍ ለክፉ ሰው መንገድ ማሳየት አይሆንም?»

እንግዲህ የአንባቢ አስተያየት ተራ ወሬ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ የዚህ መጽሐፍ አንድ አንባቢ ቢል ክሊንተን እንደነበር ላስታውስ። ፕሬዚዳንቱ መጽሐፉን አንብበው ደነገጡ። ይህ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ባለሙያዎቻቸውን ጠየቁ። በሚያዝያ 1998 (እ.ኤ.አ.) በዋይት ሐውስ ሳይንቲስቶችን ሰብስበው ተወያዩ። በዚያው ዓመት ለክትባትና ለመድኃኒት ክምችት እንዲሁም ለተያያዥ ዝግጅቶች 294 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ በጀት እንዲፈቀድ ምክር ቤታቸውን ጠየቁ። ለውሳኔው መነሻ የሆነው መጽሐፉ ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ የሶቪየት ኅብረትና የኢራቅ ፕሮግራሞች መረጃ ነበር። ይሁን እንጂ ክምር ሪፖርት ያልቀሰቀሰውን ስሜት አንድ ልብ ወለድ እንደቀሰቀሰው አይካድም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ወግዲ ስሄድ ይኸው መጽሐፍ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። አገሩን ለማያውቅ፣ ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድበት ነው። የገበሬው ሀብት በሬው ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አጎቴ «ምንድነው እንዲህ ዓይንህን የሚያስነቅልህ?» ሲሉኝ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራሁላቸው። የዚህ ዓይነቱ ጦር መሣሪያ ከቫይረስ ብቻ እንደማይሠራና አባ ሰንጋም አንዱ እንደሆነ ጨመርኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ለአባ ሰንጋ ሳጥን ምን አስፈለገው? ሣሩ ላይ አለልህ» አሉ።

አጎቴ ያሉት ሳይንሱም የሚለውን ነው። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሞተው ከብት ደም ጋር አፈር ሲነካ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ለአሥርት ዓመታት መኖር ይችላል። ከብቱ ሲግጥ ይይዘዋል። ትናንት ያረሰ በሬ ዛሬ ጠዋት ወድቆ ይገኛል፤ ከአፍንጫውና ከአፉ የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈስሳል። እንዲህ ያለው በድን መከፈት የለበትም፤ ወይ መቃጠል ወይ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት። ዳሩ ግን በሬ የሞተበት ገበሬ የዓመት ጉልበቱን ያጣ ሰው ነው። ሥጋውን በቅርጫ ተከፋፍሎ ጥቂት እንኳ ማዳን ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? የበለተውና ሥጋውን የነካው እጁ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ያወጣል። የበላውም ሊታመም ይችላል። በጊዜ ሕክምና ካገኘ የቆዳው ዓይነት እንደ ፔኒሲሊን ባለ ተራ መድኃኒት ይድናል። ክትባቱም እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

ታላላቆቹ መንግሥታት ለጦር መሣሪያነት የመረጡት ይህንኑ የወግዲን ሣር በሽታ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1942 በስኮትላንዷ ግሩናርድ ደሴት በበጎች ላይ ሞከረችው፤ ደሴቲቱ በኬሚካል ታጥባ ለሰው ነፃ ናት የተባለችው በ1990 ነው። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ በ1979 ስቨርድሎቭስክ ከተማ ከሚገኝ ወታደራዊ ተቋም ዱቄቱ አምልጦባት ቢያንስ 66 ሰዎች ሞቱ። በ2001 በአሜሪካ በፖስታ የተላከው 5 ሰዎችን ገደለ፣ 17 አሳመመ። መርማሪዎቹ በመጨረሻ ጣታቸውን የቀሰሩት የመንግሥቱ የራሱ ላቦራቶሪ ሳይንቲስት በሆነ ሰው ላይ ነው፤ ክስ ሳይመሠረትበት በ2008 ራሱን ስላጠፋ ማስረጃው በፍርድ ቤት አልተፈተነም።

የስቨርድሎቭስክን ታሪክ ልብ በሉልኝ። የሶቪየት ባለሥልጣናት ለዓለም የሰጡት ማብራሪያ «ሕዝቡ የታመመ ከብት ሥጋ በልቶ ነው» የሚል ነበር። ማለትም የወግዲን ታሪክ ተዋሱ። ይህ ውሸት ለ13 ዓመታት ያህል ያከራከረውም ሊሆን የሚችል ነገር በመሆኑ ነው። እውነቱን ቦሪስ የልሲን ያመኑት በ1992 ነው። የሥነ ሕይወት ጦር መሣሪያ ከቦምብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቦምብ ሲፈነዳ ማንም ጥቃት መሆኑን ያውቃል። በሽታ ግን በሽታን ይመስላል።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል መርዛማ ጋዝንና የባክቴሪያ መሣሪያን በጦርነት መጠቀምን ይከለክላል። ጣሊያን በ1928 አጽድቃዋለች። ያም ሆኖ ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ በተከዜ፣ በተንቤንና በቆረም አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ በአባቶቻችን ላይ አዘነበች። የቀይ መስቀሉ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ቁስለኞቹን በዓይኑ አይቷል። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ለዓለም ተናገሩ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ጋዝ የኬሚካል እንጂ የሥነ ሕይወት መሣሪያ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ፊርማ ብቻውን ማንንም አያድንም።

የ1972ቱ ስምምነት ደግሞ ሥነ ሕይወታዊ መሣሪያን መሥራትና ማከማቸትን ጭምር ከለከለ። በ1975 በሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አጽድቃዋለች። ትልቁ ቀዳዳው ተቆጣጣሪ የሌለው መሆኑ ነው። ከስምምነቱ ዋና ጠባቂዎች አንዷ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት በአንድ እጇ ፈርማ በሌላው እጇ ፕሮግራሟን አስፋፋች። የቁጥጥር ሥርዓት ለማበጀት ለዓመታት የተካሄደው ድርድርም በ2001 አሜሪካ ስትቃወመው ፈረሰ። በሕግ ትምህርት ቤት ማስፈጸሚያ የሌለው ሕግ ምን እንደሚባል ተምረናል፤ ምክር ይባላል።

በአገራችን ከልብ ወለድ ባልተናነሰ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። በክፉው ቀን፣ ማለትም ከ1888 እስከ 1892 (እ.ኤ.አ.) በነበረው ረሃብ፣ ገበሬው በምፀት «ደስታ» ብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ በግምት ከመቶ 90 ያህሉን የአገሪቱን ከብት ፈጀ። በሽታው የገባው በ1887 ለጣሊያን ጦር ከሕንድ በምፅዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር ነው። ብዙ ሰው ጣሊያን ሆን ብላ ያመጣችው ነው ብሎ ያምናል። እኔም በወጣትነቴ አምን ነበር። ነገር ግን ታስቦ መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም። ያለው ማስረጃ የሚያሳየው ወራሪው ጦር ለራሱ ስንቅ ሲያስገባ ለሌላው ሕዝብ እንዳልተጨነቀ ነው።

እንደ ሕግ ሰው ከልብ ወለዱ ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ሕግ «አስቦ» እና «በቸልተኝነት» የሚባሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ሁለቱንም ይጠይቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 514 የሰውን በሽታ ማስተላለፍን፣ አንቀጽ 515 የእንስሳትን በሽታ ማስተላለፍን የሚመለከቱ ሲሆን፣ ቸልተኛውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ግን ያለ አሳቢ ጠላት አይቆምም። «ማን አደረገው?» ብሎ ይጠይቃል። ጠላቱ ሲያዝ ታሪኩ ያልቃል፤ አንባቢም እፎይ ብሎ ይተኛል። የወግዲው በሬ ታሪክ ውስጥ የሚያዝ ሰው የለም። እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን ሳያደርግ ቀረ?» የሚለው ነው። ክትባቱ በወቅቱ ለምን አልደረሰም? ማቀዝቀዣው ለምን አልሠራም? በርካታ ቀበሌዎችን በእግሩ የሚያዳርሰው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለምን ብቻውን ቀረ?

እነዚህ ጥያቄዎች ልብ አያንጠለጥሉም። መልስ ሲያገኙ የሚመጣው ውጤት ግን ከማንኛውም ልብ ወለድ ይበልጣል። በመጽሐፉ ውስጥ የተፈራው ፈንጣጣ በ1971 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው ዘመቻ ተራራና ቆላ በእግር እየተዞረ ነሐሴ 1976 ከኢትዮጵያ ጠፋ፤ በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያ የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ተገኘ። ያ «ደስታ» የተባለው የከብት ፍጅትም በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። በዓለም ላይ የሰው ልጅ ያጠፋቸው በሽታዎች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በሁለቱም ድል የኢትዮጵያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ዛሬ ደስታ ተመልሶ ቢመጣ መከላከያ የሚሆነው ክትባት ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።

ታዲያ ወደዚያ ጓደኛችን ጥያቄ ልመለስ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ ይጎዳል ወይ? እኔ አይጎዳም ባይ ነኝ። ክፉ ለመሥራት ያሰበ ሰው ከልብ ወለድ የሚማረው ጥቂት ነው። የሚጎዳው መጽሐፉን አንብበን የምንወስደው የተሳሳተ ትምህርት ነው። በሽታ ሁሉ ሴራ ይመስለናል። ኮቪድ-19 ሲመጣ ያየነው ይህንኑ ነው፤ የቫይረሱ መነሻ ክርክር እስካሁን አልተቋጨም፤ ሆኖም ማን አመጣው እያልን ስንከራከር ክትባቱን የሚጠራጠረው በዛ። ሴራ የሚፈልግ ሰው ክትባት የያዘውን ባለሙያም ጠላት ያደርገዋል።

ትክክለኛው ትምህርት እንደሚመስለኝ የሚከተለው ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ከተማዋን ያዳነቻት የተለመደውን በሽታ ጠንቅቃ የምታውቅና ስለዚህም ያልተለመደውን ለይታ ያየች አንዲት ሐኪም ናት። የተለመደውን አባ ሰንጋ የማይመዘግብ አገር ያልተለመደውን በምን ያውቀዋል? ለጥቃት የሚደረገው ዝግጅትና ለተራው በሽታ የሚደረገው አገልግሎት አንድ ነው። የመጀመሪያው ጠባቂም ኒውዮርክ ወይም ጄኔቫ ያለው ሳይሆን በወግዲ ገደል ለገደል ክትባት ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ነው።

ስመለስ መጽሐፉን እንግሊዝኛ ለሚያነበው ለአጎቴ የልጅ ልጅ ትቼለት መጣሁ። በኋላ ስልክ ደውዬ እንዴት አገኘኸው ብለው፣ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ እንዳነበበውና ለአያቱም ማታ ማታ እየተረጎመ እንደነገራቸው አወጋኝ። አጎቴ ምን አሉ? አልኩት።

«ሳጥኑን የያዘውን ሰውዬስ ያዙት፤ እኛ ሣሩን መቼ ነው የምንይዘው? አሉ» አለኝ።

ከጓደኞቼ ሁሉ አስተያየት ይልቅ እኔ ይህንን መዝግቤዋለሁ። ቸር ይግጠመን።