የደረቀው የቡና ቅጠል ምስክርነት

በቡና ዛፍ ቅጠል ሥር ብርቱካናማ ዱቄት የሚያወጣው ደዌ የቡና ቅጠል ዝገት ይባላል። አምጪው ፈንገስ የተባለው ሻጋታ ሲሆን፣ የሊቃውንት ስሙን ያገኘው በባሕር ተሻግረው ከተላኩ የታመሙ ቅጠሎች ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት የፔራዴኒያ የዕፀዋት ሥፍራ ኀላፊ ሚስተር ጆርጅ ትዌይትስ ቅጠሎቹን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ። ካህኑ ማይልስ በርክሊ ከባልንጀራቸው ከሚስተር ብሩም ጋር መርምረው፣ የሻጋታው ዘር ባንድ ወገን ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ ሆኖ ስላገኙት «ሄሚሌያ ቫስታትሪክስ»፣ ይኸውም ግማሹ ለስላሳ የሆነ አጥፊ፣ ብለው ሰየሙት። ስያሜው አልተጋነነም፤ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የሴሎን ቡና ጠፍቶ ባለ እርሻዎቹ ወደ ሻይ ዞሩ። የበርክሊ የሻጋታ ስብስብ በ1879 ዓ.ም. ለኪው የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር ተሰጠ።

ጽሑፍ የሌለው ደረቅ ቅጠል ግን ገለባ ነው። ሥፍራው፣ ቀኑ፣ የተክሉ ዓይነትና የሰብሳቢው ስም ሲጻፍበት ምስክር ይሆናል። ምስክርነቱም ልክ አለው፤ የተለቀመበትን ቦታ እንጂ የበሽታውን ጥንተ አገር አይናገርም። አረቢካ የተባለው ቡና የበቀለው በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነውና፣ ሴሎን ለቡናው እንግዳ ነበረች፤ ሊቃውንትም የዝገቱን መነሻ በአፍሪካ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ዝገት ያየ ገበሬ ጥቂት የታመሙ ቅጠሎች ቆርጦ በጋዜጣ ወረቀት መካከል ይዘርጋ፤ ከባድ ነገርም ይጫንባቸው። ወረቀቱ ርጥበት ሲጠጣ ይለወጥ። በላስቲክ የታሰረ ቅጠል ሌላ ሻጋታ ይወርሰዋል። የመንደሩ ስም፣ የቦታው ከፍታና ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም በርጥበት ይፈሳልና።