ያውቁ ኖሯል? የማክሰኞው ፍሪዳና ሌሎች የማለዳ ጥያቄዎች

ሰንጋ ተራ ላይ ማክሰኞ ማለዳ ዳዊት የሚደግም ሰው በየሳምንቱ ሰንጋ እንደሚያጋጥመው ያውቁ ኖሯል? ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ነው፤ ዛሬ መንገዱን የሞሉት የባንክ ፎቆችና ኮንዶሚኒየሞች ቢሆኑም። የማክሰኞው ንባብ ግን ከብቱን አልለቀቀም። በግእዙ ዳዊት መዝሙር 49 እግዚአብሔር ከሰው ቤት ፍሪዳ እንደማይወስድ፣ በዱርና በተራራ ያለው ሁሉ የራሱ እንደሆነ፣ ቢራብ እንኳ ለሰው እንደማይነግር ይናገራል። ቀጥሎ ያለው 50ኛው የዳዊት ንስሐ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያልቀው በመሠዊያ ላይ በሚቀርብ ፍሪዳ ነው። አንዱ አልሻም ይላል፣ ሌላው ይቀርባል ይላል። ይህን ጥያቄ ይዤ ስንት ማክሰኞ ከቤት እንደወጣሁ አልቆጠርኩም። አሁን አንድ ነገር ይታየኛል፦ በ50ኛው ውስጥ የተሰበረው ልብ ይቀድማል፣ ፍሪዳው ኋላ ይመጣል። መልስ ይሁን የመልስ ጅማሬ፣ መጪው ማክሰኞ ይፈትነዋል።

ዳዊት በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲዘለቅ ለየዕለቱ መከፈሉንስ? ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ የነቢያት ጸሎት። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል። ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ለሥራ የሚቸኩል ሰው ዕለቱን ባይጨርስ እንኳ አንድ ንጉሥ ደግሞ ይወጣል።

«ዳዊት አነበበ» ሳይሆን «ዳዊት ደገመ» እንደምንል አስተውለው ያውቃሉ? ደገመ ማለት እንደገና አደረገ ማለትም ነው። በየሳምንቱ የሚደግም ሰው ያንኑ መዝሙር በዓመት 52 ጊዜ ያገኘዋል። መዝሙሩ ያው ነው፤ ሰውየው ግን ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ኀዘን ወይም ደስታ ይዞ ይመጣል።

የግእዙ ዳዊትና አብዛኛው የዛሬ እትም በቁጥር አይገናኙም። ግእዙ የግሪኩን የሰባ ሊቃናት ትርጉም አቆጣጠር ይከተላል፤ ዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ብሎ የለያቸውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የእረኛው መዝሙር በአንዱ 22፣ በሌላው 23 ነው። ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ናት። አንድ ቀን ቡና ላይ በጥሞና ጊዜዋ ያነበበችውን መዝሙር 91 እንዳየው ነገረችኝ። የእኔን ዳዊት ገልጬ 91 ላይ ያገኘሁት የምስጋና መዝሙር ነው። እሷ ስለ ልዑል መጠጊያ ስታወራ እኔ ስለ ምስጋና አወራለሁ። ዳዊቶቻችንን ጎን ለጎን ዘርግተን የእሷን በእኔ 90 ላይ ስናገኘው ቡናው በርዶ ነበር።

ጥሞና ካነሳን፦ ጎረቤቴ የምታነባቸው 66ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፍ አላቸው። በዓመት ለመጨረስ በቀን ከሦስት ምዕራፍ ትንሽ ከፍ ይላል።

ከመዝሙሮቹ ሁሉ አጭሩና ረጅሙ የሚውሉት በአንድ ቀን፣ ዓርብ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በግእዙ 116ኛው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ አንዱን ዘለው የሚያገኙት 118ኛው 176 ቁጥር አለው፤ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ቅደም ተከተል እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቁጥር ይዞ ተሠርቷል። አሌፍ፣ ቤት እያሉ በመካከሉ የሚያዩዋቸው ቃላት የእነዚያ ፊደላት ስሞች ናቸው።

151ኛው መዝሙርም አለ። ዳዊት ጎልያድን ስለገደለበት ቀን የሚናገር ነው፤ ራሱ ሰባ ሊቃናት ከቁጥር ውጭ ይለዋል። የዕብራይስጥ ቅጂው እ.ኤ.አ. በ1956 በተገኘው በቁምራን 11ኛ ዋሻ ውስጥ ታየ።

የይሁዳ መልእክት 14ኛው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ሄኖክ ይጠቀሳል። የሌላ አገር አንባቢ «የቱ መጽሐፍ ነው?» ብሎ ይቆማል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ስለሆነ እኛ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱን ገልጠን እዚያው ምዕራፍ 1 ላይ እናገኘዋለን። ይህን ሳስብ ብራናውን እየፋቁ፣ ቀለሙን እየበጠበጡ ያቆዩልን ሰዎች ውለታ ይከብደኛል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ጃንደረባ፣ የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ በአገራችን ትውፊት ባኮስ ይባላል። ሰረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ወደ ሰረገላው የቀረበው ፊልጶስ ምን እንደሚያነብ እንዴት አወቀ? ስለሰማው ነው፤ ሰውየው ድምፁን አውጥቶ ነበር የሚያነበው። ጨርሶ ለመሄድ የቸኮለ አንባቢም አልነበረም። ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ብሎ ጠየቀ። መጠመቁን የወለደው ይህ ጥያቄ ነው። እኛ ዛሬ ያን ክፍል «ኢሳይያስ 53» እንለዋለን፤ ለእሱ ግን ቁጥር አልነበረውም። የዛሬው የምዕራፍ አከፋፈል የመጣው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1551። ምዕራፉ ስላለቀ መቆም የሚባል ነገር በሰረገላው ላይ አልነበረም። እኔ ግን ስንት ጊዜ ምዕራፉ አለቀ ብዬ ጥያቄዬን መጽሐፉ ውስጥ ዘግቼበት ተነስቻለሁ!

የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመው በሳምንት ሁለት ቀን በሚዘጋ በር ውስጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አውሮፓውያን አቡ ሩሚ የሚሉት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ አብርሃም ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዊው ቆንስላ አስሊን ደ ሼርቪል ጋር ለአሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ እየተቀመጡ ሠሩት። በእነዚያ ቀናት ቆንስላው እንግዳ አይቀበልም ነበር። የዐረብኛውን ቁጥር አንድ በአንድ በዝግታ ያነባሉ፤ ሲከብዳቸው ወደ ዕብራይስጡና ወደ ሌሎች ትርጉሞች ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ ነው አባ አብርሃም በአማርኛ የሚጽፉት። አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተሙ። አባ አብርሃም ግን አንዱንም ታትሞ ሳያዩ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተዋል። ማክሰኞ ማለዳ ላይ እኒህን አባት አስባቸዋለሁ። እሳቸውም 49ኛውንና 50ኛውን ተከታትለው ሲተረጉሙ ያ ፍሪዳ አስቁሟቸው ይሆን?

በጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን በግእዝ ካሰማ በኋላ በአማርኛ ይተረጉመዋል፤ ቀጥሎ «አንድም» ይልና ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም»። ኋለኛው ፊተኛውን አይሰርዘውም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የሚታወቁት የትርጓሜ ወገኖች እንኳ ልዩነታቸውን ይዘው አብረው ዘልቀዋል። መጽሐፉን ሲያነብ ሁለት ሐሳብ የመጣበት ሰው እምነቱ የተናጋ የሚመስለው ከሆነ፣ «አንድም» የሚለውን ቃል አባቶች ለእሱ ጭምር እንዳቆዩለት ማን ይንገረው?

አንድ የመጨረሻ። ከሐሙሱ ንባብ ውስጥ 87ኛው ከሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ይለያል። አብዛኞቹ አልቅሰው ወደ ተስፋ ይመለሳሉ፤ እሱ ወዳጅና ዘመድ እንደራቀበት ነግሮ፣ ያለ አንዲት የማጽናኛ ቃል ያበቃል። በልጅነቴ የቀረ ገጽ ያለ መስሎኝ ወደ ኋላ እገልጥ ነበር። እናቴ የታመመችበት ሐሙስ ግን ከአልጋዋ አጠገብ ሆኜ እዚያ ደረስኩ። ሌሎቹ መዝሙሮች ያን ቀን ከአፌ አልወጣ ብለውኝ ነበር፤ ይህን ግን ድምፄን አውጥቼ ደገምኩት። ዓይኗን ገልጣ «እስቲ እንደገና» አለችኝ።