ዐፄ ፋሪስ፤ መድኃኒትነቱና ለእህል ነጋዴ የሚያሻው ጥንቃቄ

በመንደር ዳር፥ በከብት በረት አጠገብና በአዝመራ መካከል ሳይዘራ የሚበቅል፥ አበባው ረጅም መለከት የሚመስል፥ ፍሬው በእሾኽ የተከበበ፥ ሽታው የሚከረፋ አንድ ቅጠለ ሰፊ ተክል አለ። አንዳንዶች ዐፄ ፋሪስ፥ ሌሎች አስተናግር ይሉታል። የዕፀዋት ሊቃውንት ዳቱራ ስትራሞኒየም ብለው ሰይመውታል። ነጋዴው በየቀኑ የሚሸጣቸው በርበሬ፥ ድንችና ቲማቲም የዚሁ ተክል ዘመዶች ናቸው። ነገር ግን እነርሱ በሚዛን ተመዝነው ለገበያ ሲቀርቡ፥ እርሱ ሳይታሰብ ከእህል ጋር ታጭዶ በጆንያ ውስጥ ይገባል። የነጋዴው ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተክሉ ትውልድ አገር አሜሪካ እንደ ሆነ ሊቃውንት ቢናገሩም፥ በአገራችን ባህላዊ ሕክምና ውስጥ ሥር ከሰደደ ቈይቷል። ዘሩን በፍም ላይ አድርጎ ጢሱን ለታመመ ጥርስ መታጠን፥ ቅጠሉንም ወቅጦ ለቍስልና ለራስ ፎረፎር መቀባት የተለመደ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ አእምሮን ይከፍታል ተብሎ የሚወሰደው አብሾም ከዚሁ ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አብሾ የወሰደ ሰው መጠጥ ሲቀምስ ይነሣበታል እየተባለ በሕዝብ ዘንድ ይወራል፤ ጠባዩ ድንገት ለሚለዋወጥ ሰው «አብሾ አለበት» መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። በሕንድ አገር ደግሞ ጢሱ ለአስም ሕመም ያገለግል ስለ ነበር፥ ልማዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፥ በቅጠሉ የተሠራ የአስም ሲጋራ በየመድኃኒት ቤቱ ለብዙ ዘመን ሲሸጥ ኖሯል።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። በተክሉ ውስጥ አትሮፒን፥ ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ብርቱ ቅመሞች አሉ። አትሮፒን ዛሬም በየሆስፒታሉ የዘገየን የልብ ምት ለማፋጠን፥ የዓይንን ብሌን ለማስፋት፥ ይልቁንም በአንዳንድ የፀረ ተባይ መርዞች የተመረዘውን ሰው ለማዳን ያገለግላል። ለሆድ ቍርጠት የሚታዘዘው ቡስኮፓንም ከስኮፖላሚን የተገኘ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱንና መርዙን የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው። ሐኪሙ በሚሊግራም መዝኖ ይሰጣል፤ የቅጠሉ ኀይል ግን እንደ አፈሩ፥ እንደ ወቅቱና እንደ ተክሉ ዕድሜ ስለሚለያይ፥ ትናንት ያልጎዳው መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላል። የተመረዘ ሰው አፉ ይደርቃል፥ ፊቱ ይቀላል፥ ብሌኑ ይሰፋል፥ ልቡ በኀይል ይመታል፥ ሽንቱ ይታገዳል፤ ከዚያም የሌለውን እያየ ይቀባዥራል። አስተናግር የሚለው ስም ይህንኑ ይገልጻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1676 በአሜሪካ በጄምስታውን ከተማ ወታደሮች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው በልተው ለ11 ቀን አእምሯቸውን ስተው እንደ ቈዩ ሮበርት ቤቨርሊ የተባለው ጸሐፊ በ1705 ባሳተመው የታሪክ መጽሐፍ ተርኳል።

ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው ግን በ2019 በኡጋንዳ የደረሰው አደጋ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ካከፋፈለው የተደባለቀ ዱቄት የበሉ 300 ያህል ሰዎች ታመው፥ 5 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው ያሳየው በዱቄቱ ውስጥ የዚሁ ዓይነት ተክል መርዝ መገኘቱን ነው። ዘሩ ከአኩሪ አተር ጋር ታጭዶ ተፈጭቷል፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይን ሊለይ አይችልም፥ መፍላትና መጋገርም መርዙን ጨርሶ አያጠፉትም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ባወጣው ደንብ፥ ባልተፈጨ ማሽላ ውስጥ የሚገኘው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ተደምሮ በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም በአንድ ኩንታል ግማሽ ሚሊግራም ማለት ነው። በ100 የተክሉ ዘር ውስጥ 6 ሚሊግራም ያህል አትሮፒን ስለሚገመት፥ በኩንታል ውስጥ የሚገኙ 8 ወይም 9 ዘሮች ብቻ ከተፈቀደው ልክ ሊያደርሱ ይችላሉ። ከአንድ እሾኻም ፍሬ የሚወጣው ዘር ግን በመቶ ይቈጠራል! በአውድማ ላይ የተወቃች አንዲት ፍሬ የብዙ ኩንታል እህል ዋጋ ታሳጣለች ማለት ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከማሳ ይጀምራል። ገበሬው ተክሉን ፍሬ ሳያፈራ መንቀል፥ ከአጨዳም በፊት ማሳውን ተመላልሶ ማየት ይገባዋል። ነጋዴውም ከየጆንያው ናሙና አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ቢበትን፥ ጥቍር ወይም ቡናማ፥ ጠፍጣፋና እንደ ኵላሊት የጎበጠውን ዘር ለይቶ ያውቀዋል። ዘሩ የተገኘበት እህል ሳይነፋና ሳይለቀም ከንጹሑ ጋር ሊደባለቅ፥ ወደ ወፍጮም ሊሄድ አይገባም። በመጋዘን አካባቢ የበቀለውን ተክል ከሕፃናት ማራቅ፥ የተመረዘም ሰው ቢገኝ ጊዜ ሳያባክኑ ከበላው ነገር ናሙና ጋር ወደ ሐኪም ማድረስ ያሻል።

ንጹሕ እህል ላቀረበ ገበሬ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ መክፈል ለነጋዴው ኪሳራ አይደለም። በወንፊት ያልተያዘው ዘር በገዢው ማዕድ ላይ ሲገኝ የሚያስከፍለው ዋጋ፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት፥ ከዚያ እጅግ ይበልጣልና።