የጣና ታንኳና ከውኃ በታች ያለው አደጋ

በጣና ሐይቅ ላይ ዛሬም የሚታየው ታንኳ፣ በረግረጋማ ዳርቻ ከሚበቅለውና ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ከሆነው ደንገል በእስር በእስር ታስሮ የሚሠራ፣ ጥቂት ሰዎችንና ጭነታቸውን የሚያሻግር መጓጓዣ ሲሆን፣ በሥራው ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው።

ስለ ታንኳ ከሚነገረው ሁሉ እጅግ የተሳሳተው «ያፈሳል» የሚለው ወቀሳ ነው። የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ጎድጓዳ ሆዱ ውኃ እስካልሞላበት ድረስ በመሆኑ አንዲት ቀዳዳ ልታሰጥመው ትችላለች፤ ታንኳ ግን የተሠራበት ደንገል ራሱ ከውኃ የቀለለ ስለሆነ፣ በእስሮቹ መካከል ውኃ ቢሰርግም መንሳፈፉን አይተውም። የደንገሉ ግንድ ከቀጭኑ አረንጓዴ ልጣጭ በታች ነጭና አየር የቋጠረ ሰፍነግ መሰል ሥጋ አለው፤ ታንኳውን የሚያነሣው ይኸው አየር ነው። ሠሪዎቹም ውኃ እንደሚሰርግ ስለሚያውቁ፣ ጭነቱ እንዳይርስ ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደርቡበታል። እግሩ ስለረጠበ ብቻ ደንግጦ ብድግ የሚል ተሳፋሪ ግን፣ ታንኳው ያላመጣውን አደጋ ራሱ ይጠራል፤ ጠባብና ቀላል የሆነ ነገር ሚዛኑን የሚስተው በቆመ ሰው ነውና።

የታንኳው ሕይወት ያለው ይልቁንም በማሰሪያው ላይ ነው። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ማስረጃ የተገኘው ከጣና ርቆ ነው፤ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥ የተነሣባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። ደንገል በባሕር ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ ይበሰብሳል ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ዳሩ ግን «ራ»ን መጨረሻ ላይ ለአደጋ ያጋለጣት የኋላ ጫፏ አደራረግና አስተሳሰር እንጂ የደንገሉ መበስበስ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በተሻሻለ አሠራር የተሠራችው «ራ 2» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች።

በጣና ላይም ከውኃ በታች ያለውን አደጋ መመዘን የሚገባው ማሰሪያውን ይጎዳል ወይ በሚል ዓይን ነው። ሐይቁ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በደሴቶቹና በዳርቻው አጠገብ ደግሞ ደለል ባደፈረሰው ውኃ ሥር የማይታዩ ድንጋዮች አሉ። ታንኳ ወደ ታች የሚወርድ ስለታም አካልም ሆነ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ስለሌለው የሞተር ጀልባ በሚሰበርበት ስፍራ ተንሸራቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ሆኖም ሹል ድንጋይ የታሰረበትን ልጥ ወይም ገመድ ከበጠሰው እስሩ መፈታት ይጀምራል። ስለዚህ ቀዛፊው ጥልቀት በሌለበት ስፍራ የሚገፋበትን ረጅም ዘንግ መሬቱን ለመዳሰሻም ይጠቀምበታል። የተዘረጋ መረብ፣ ብቅ ሲል ብቻ የሚታይ ጉማሬና በዳርቻው የተስፋፋው እምቦጭ የተባለ አረምም ይህን ጥንቃቄ ያከብዱታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ታንኳውን ወደ ድንጋዩ ስለሚገፋው፣ ልምድ ያለው ሰው ረጅሙን መንገድ በማለዳ ይጨርሳል፤ በታንኳ አጠገብ በፍጥነት እያለፉ ማዕበል የሚያስነሡ የሞተር ጀልባ ነጂዎች ግን በጸጥተኛው ሰዓትም ያንኑ ችግር ይፈጥራሉ።

ከጉዞ በኋላ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እየደረቀ ሲሠራ ጥቂት ወራት ያገለግላል፣ ከዚያም በአዲስ ይተካል። ሌሊቱን ሙሉ በውኃ ላይ ታስሮ እንዲያድር የሚተዉት ሰዎች ቶሎ ከበደ ብለው ሲያማርሩ የሚወቅሱት ደንገሉን ነው።