ስለ ስልክና ስለ ባሮ ዳር ባላገር

በጋምቤላ ሜዳ ለሚኖር ሰው የጎርፉ ውሃ ከራሱ ሰማይ ብቻ አይመጣም፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ደጋ ዘንቦበት ብርብርና ገባ ተጋጥመው ባሮን ከሞሉት በኋላ፣ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ውሃው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የደጋውን ዝናብ አስቀድሞ በስልክ የሰማ ሰው ልጁንና ከብቱን ወደ ከፍታ ያወጣል፤ ያልሰማው ግን እህሉ በጎተራው እንዳለ ይወሰድበታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ የጋምቤላን ከተማ ሳይቀር ባጥለቀለቀ ጊዜ በክልሉ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቷል።

ይህች ከተማ ድሮ የወሬ በር ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ቆመ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡና ይጭን ነበር። የውጭውን ወሬ ቀድሞ የሚሰማው ወደቡ ላይ የቆመው ነጋዴ ነበረ፤ ለአኙዋክና ለኑዌር ባላገር የሚደርሰው ከነጋዴው የተረፈው ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ የእጅ ስልክ አለ፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮም በቴሌብር ገንዘብ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ይህን የሚንቅ የለም። ነገር ግን ከከተማው ርቆ ወደ ጆርና ወደ አኮቦ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ስልክ የገዛ ሁሉ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ባትሪውን በፀሐይ ኃይል ለሚሞላለት ባለሱቅ ይከፍላል፤ ለዚያም ዓሣ ወይም በቆሎ መሸጥ አለበት። በቤትም ውስጥ ስልኩ ብዙውን ጊዜ የባልየው ነው፤ እርሱ ገበያ ሲሄድ ስልኩም አብሮት ይሄዳል፤ ጎርፉ ግን የሚመጣው ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት ጎጆ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የቋንቋው ነገር ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ የባላገሩ አፍ መፍቻ ግን የአኙዋክ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ቋንቋ ነው። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ፊደል ላልቆጠረች እናት በእጅዋ ላይ የሚበራ መብራት ብቻ ነው።

እንግዲህ በየቀበሌው አንድ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ቢቆም፣ ከጎሬና ከመቱ ወገን የዝናቡን ሁኔታ የሚደውል ሰው ቢመደብ፣ የሰማውም በአገሬው ቋንቋ ለመንደሩ ቢናገር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስልክ እስኪደርስ ከመጠበቅ ይሻላል። የቀበሌው ስልክ የሚቀመጠውም በሊቀ መንበሩ ኪስ ሳይሆን በጤና ኬላው ወይም በትምህርት ቤቱ ይሁን፤ ሊቀ መንበሩም ገበያ ይሄዳልና።