የሚሰብረው ጓያው ነው እንጂ እንፋሎቱ አይደለም

ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ያገኘው ሰው ይሰበራል ይባላል። በጓያ ማሳ መሀል ያቋረጠ፣ ገለባው ላይ ያንቀላፋም እንደዚያው። በወሎ ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ውሸት መሆኑ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር፤ ግን ሰው ጥንቃቄውን ሁሉ እንፋሎቱ ላይ ይጨርሳል። እናት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና ድስቱን ታማስላለች፤ ልጆቿ ደጅ ተቀምጠው የጓያ ቆሎ ይቆረጥማሉ። አደጋው ያለው ደጅ ነው።

እርግጥ ነው፣ እምነቱ ከሜዳ አልመጣም። ሰው «ተሰበረ» የሚባልበት በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ድንገት ነው። ለወራት ጓያ ዋና ቀለቡ ሆኖ የቆየ ጎልማሳ ማታ በደህና ተኝቶ ጠዋት እግሩ ተገትሮ ይነሳል፤ ወይም ሸክም ተሸክሞ ማሳ ሲያቋርጥ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከአንድ ገበታ አብሮት የበላው ወንድሙ ግን ምንም አልሆነም። ምግቡ ቢሆንማ ሁላችንም በተሰበርን ነበር ብሎ ጣትን ወደ ማሳው ወይም ወደ ድስቱ መቀሰር ከማስተዋል የመጣ ነገር ነው። ገበሬው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ነጭ ጋውን ለብሶ «እንፋሎቱን ተጠንቀቁ» የሚለውን ሰው ስሰማ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል፤ እሱ ማንበብ ይችላል።

ማንበብ የነበረበት ደግሞ ሩቅ አገር የተጻፈ ነገር አይደለም። ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በደላንታና ዳውንት፣ ያኔ በሰሜን ወሎ ሥር አንድ ወረዳ በነበሩበት ጊዜ፣ ድርቅ ተከትሎ ወደ 2,000 ሰው በዚህ በሽታ ተጎዳ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ የታመሙትን ካልታመሙት ጋር እያነጻጸሩ ምን በልተው እንደነበር መረመሩ። አደጋውን ከፍ አድርገው የተገኙት እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ናቸው። በብዛት የተጎዱትም ወጣቶችና ወንዶች ነበሩ። ይቺን ነጥብ ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ እንፋሎት የሚሰብር ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚወድቁት ማጀት የሚውሉት ሴቶች ነበሩ።

ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ኦዳፕ ይባላል። በ1964 እ.ኤ.አ. የህንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ዘር ለይተው አወጡት። አሚኖ አሲድ ነው፤ ፕሮቲን መሥሪያ ግን አይደለም። እንደ አሚኖ አሲዶች ሁሉ አንዱ ሞለኪውል ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ቻርጅ ስለሚሸከም ውሃ ውስጥ ይሟሟል እንጂ እንደ አረቄ ተኖ አይወጣም። የሚተነው ውሃው ነው፤ ኦዳፕ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግሉታሜት የተባለውን የነርቮች መልእክተኛ መስሎ ነርቮቹን ከልክ በላይ ይቀሰቅሳል። ማሳ መርገጥና ገለባ ላይ መተኛት እዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የላቸውም።

ሁለተኛው ተረት የሚነገረው ተምረናል በሚሉት ሰፈር ነው፤ የጂም ዱቄት ሻጮችም ይወዱታል። «ተፈጥሮ የምትሠራው የግራውን አሚኖ አሲድ ነው፣ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ፋብሪካ የሚሠራው የቀኙ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከግላይሲን በቀር ፕሮቲናችንን የሚሠሩት አሚኖ አሲዶች ሁሉ መንታ ቅርጽ ሊኖራቸው ይችላል፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ሆኖ፤ ሰውነታችንም ለፕሮቲን የሚጠቀመው የግራውን ነው። ነገር ግን ጓያ ዘር ውስጥ ያለው ኦዳፕም የግራው ነው! መንታው፣ በላብራቶሪ የሚሠራው የቀኙ፣ በነርቭ ላይ ያንን ያህል ጉልበት የለውም። በሌላ በኩል ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ የቀኙ ቅርጽ በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ሥራ ያለው ነገር ነው። ግራ ቀኙን ብቻ አይቶ መርዙን መለየት አይቻልም።

ታዲያ ኬሚስቶች መንታዎቹን እንዴት ይለያሉ? እንደ ግራና ቀኝ ጫማ ናቸው፤ ሚዛን ላይ ቢወጡ እኩል ናቸው፣ ቆዳቸውም አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሚታወቀው እግር ሲገባበት ነው። ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ የተባለው መለያ ዘዴ ፈሳሹን ደቃቅ ዱቄት በታጨቀበት ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ በግፊት ያሳልፋል፤ ዱቄቱ ላይ ብዙ የሚጣበቀው ይዘገያል፣ ጥቂት የሚጣበቀው ይቀድማል። ተራ ዱቄት ግን ለመንታዎቹ እኩል ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ መሣሪያው ውድ ስለሆነ ሁሉን ይለያል የሚለውም ተረት እዚህ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ለቱቦው «እግር» መስጠት ነው። ሩሲያዊው ኬሚስት ቫዲም ዳቫንኮቭ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዱቄቱ ላይ ፕሮሊን የተባለውን የግራ አሚኖ አሲድ ከመዳብ ጋር አሰረበት፤ መንታዎቹ እኩል መያያዝ ስላልቻሉ ተራርቀው ወጡ። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፒተር ማርፌይ እግሩን በራሱ በአሚኖ አሲዱ ላይ የሚለጥፍ ኬሚካል ሠራ። ከተለጠፈ በኋላ ሁለቱ የመስታወት ምስል መሆናቸው ስለሚቀር ተራው ቱቦም ይበቃል።

«ሲቀቀል መርዙ ይሞታል» የሚሉም አሉ። ሙቀት የኦዳፕን ከፊል እምብዛም ወደማይጎዳ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል። ይህኛው ግን የመስታወት ምስሉ አይደለም፤ አንዱ የሞለኪውሉ ክፍል ቦታ ቀይሮ የሚፈጠር ነው። የቆየው በቀለም የሚለካ ምርመራ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚቆጥራቸው፤ ለይቶ የሚያሳየው ክሮማቶግራፊ ነው። ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ፣ ውሃውን መድፋትም ብዙውን ያስወግዳል። ብዙውን እንጂ ሁሉን አይደለም፤ ደላንታ ላይ ንፍሮው ከአደገኞቹ መካከል የተገኘው በከንቱ አይደለም።

በሽታው ይተላለፋል? አይተላለፍም። ይድናል? አንዴ የተገተረ እግር ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም።

«ታዲያ ጓያ ከነጭራሹ ይከልከል» የሚለው ምክር የሚመጣው ዝናብ ቀርቶበት ከማያውቅ ሰው ነው። መረሬ መሬት ላይ በቀረችው እርጥበት በቅሎ፣ ሌላው ሲደርቅ የሚቆመው እሱ ነው። መርዙ ዝቅ ያለ «ዋሴ» የተባለ ዝርያ ወጥቷል፤ ስለ ዘር መጠየቅ የፈለገ የሀብሩ ወረዳ ገበሬም የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ደጁ ላይ ነው። ማጀት ውስጥ ደግሞ ጓያውን ከጤፍ፣ ከማሽላ ወይም ከስንዴ ጋር መቀላቀል ይጠቅማል፤ ጓያ የሚያጥረውን ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ እህሉ ይሞላለታል። የሚቀላቀል እህል ከሌለ ግን ምክሩ ለገበሬው መሆኑ ይቀርና ለእርዳታ ሰጪው ይሆናል። በድርቅ ዓመት ስንዴው ወረዳ የሚገባው ቤተሰቡ ጓያ ብቻ መብላት ሳይጀምር መሆን አለበት፤ ከሦስት ወር በኋላ የደረሰ ኩንታል ሆድ ይሞላል፣ እግር አይመልስም።