ለዓሣ የሚሆን ቅመም ከደጋው

የወሎዋ መካነ ሰላም ገበያ ቅመም ተራ ውስጥ ለማንኛውም ወጥ የሚሆን ነገር አይጠፋም። የሽሮው፣ የበርበሬው፣ የቅቤው ማንጠሪያ፣ የወጡ መከለሻ፣ ሁሉም በየጆንያው አፍ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሻጮቹ ለምን እንደሚሆን ይጠይቁና በሲኒ እየለኩ ይመጥኑላችኋል። አንዷን እናት «ለዓሣ የሚሆን ይመጥኑልኝ» ስላቸው ግን እጃቸው ጆንያው ላይ ቆመ። «ለዓሣስ ልጄ ሎሚ ነው» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ለነገሩ በርበሬ ምን የማይችለው አለ?»

ለዓሣ ቅመም ያልተመጠነው ያለምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ዓሣው ያለው ታች፣ ዓባይና በሽሎ በሚፈሱበት ቆላ ነው። የደጋ ወጥ ቤት እጁን ያፍታታው በበግ፣ በዶሮ፣ በባቄላና በሽምብራ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ እንኳ ዛሬ የሚታወቅበትን የቆሮሶ ዓሣ ያገኘው በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሲለቀቅበት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም እዚያው ዳር ላይ አለ፤ ቆሮሶው ግን ገና የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ ነው ያለው። እናቶቻችን ለዓሣ ቅመም ሳይመጥኑ የቀሩት ዓሣው ዘግይቶ ስለደረሰ ነው። ስለዚህ መመጠን ያለበት አሁን ነው ብዬ ተነሣሁ።

የጀመርኩት ከበርበሬ ነው። በርበሬ ጠረኑን የሚሰጠው ከሽንኩርት ጋር ቀስ እያለ ሲቁላላ ነው። ዓሣ ያን ያህል አይጠብቅም፤ ቆሮሶ በጋለ ዘይት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ዓሣው ላይ የተነሰነሰ በርበሬ በዚያ ዘይት ያርራል፣ ይመራል፣ የዓሣውንም ጣዕም ይውጠዋል። ሐዋሳ ላይ ይህን ቀድመው አውቀውታል። እዚያ ቆሮሶው ጎንና ጎኑ ተተልትሎ እንዲሁ ይጠበሳል፤ ዳጣው የሚመጣው ለብቻው በሳህን ጠርዝ ነው። የሚያቃጥለው ነገር ከመጥበሻው ውጭ እንደሚቀመጥ ያየሁት ከእነሱ ነው።

ቀጥሎ ሎሚው። ሻጯ ያሉት እውነት መሆኑ የገባኝ ስለ ዓሣ ጠረን ማንበብ ስጀምር ነው። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ላይ ብዙ ሰው የሚጠላው የጭቃ ጠረን ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ይመጣል። ይህን የሚሠሩት በውኃና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ደቂቃን ሕዋሳት ናቸው። በበልግ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲነካ ከመሬቱ የሚነሣው፣ ሁላችንም ወደ ውስጥ የምንስበው ሽታ ይኸው ራሱ ነው። ከአፈር ሲነሣ ደስ ያሰኛል፤ በዓሣ ስብና ቆዳ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ አፍንጫ ያስይዛል። ጂኦስሚን ኮምጣጣ ነገር ሲያገኘው ይፈርሳል። ባለሙያ ሴቶች ዓሣውን በጨውና በሎሚ የሚያሹት ለልማድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ጭቃ ውስጥ የሚውለው አምባዛ ላይ ሽታው ስለሚጠነክር ቆዳውን መግፈፍ ይሻላል።

ሎሚ ግን ሽታውን ያነሣል እንጂ በቦታው የሚተካው ነገር የለውም። የምፈልገው ያንን የሚተካ መዓዛ ነበር። ኮረሪማና ቅርንፉድን ሞከርኩ፤ ሁለቱም ዓሣውን ወደ ንጥር ቅቤ ይጎትቱታል። ለቅቤ ይሁኑ፤ ለዓሣ አልወደድኳቸውም። ነጭ አዝሙድ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሹል፣ ንጹሕ፣ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ መዓዛ ሰጠ። ጉድለቱ ትንሽ ሲበዛ መድኃኒት መድኃኒት ማለቱ ነው። መንገዱ ትክክል ነው፣ እቃው ከበደ አልኩ።

መልሱ የተገኘው ከሻይ ነው። በዚህ አገር ብርድ ሲበረታ ጦስኝ ይፈላል። ከደጋው ሜዳ ላይ ተለጥፎ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ከስንዴ ፍሬ የማይተልቅ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ትንሽ ተክል ነው። የነጭ አዝሙድ ሽታ ያልለቀቀው ጣቴ የጦስኙን ስኒ ሲያነሣ ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ። ደረቁን ቅጠል በመዳፌ አሽቼ፣ አዝሙዱን በሌላው መዳፌ ደቁሼ እያፈራረቅሁ አሸተትኩ። ጦስኙ ለስለስ ያለ፣ ሣር ሣር የሚል ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን ያው ነው። ያው የሆነበትም ምክንያት አለ። የነጭ አዝሙድ መዓዛ በአብዛኛው ቲሞል ነው፤ ጦስኝም መዓዛውን የሚያገኘው ከቲሞልና የቅርብ ዘመዱ ከሆነው ካርቫክሮል ነው። አንዱ የድንብላል ወገን፣ ሌላው የበሶብላ ወገን ሆነው፣ በዘር ሳይገናኙ አንድ መዓዛ ይሠራሉ። ለዘመናት በወጡ መጨረሻ ጣል ያደረግነውና በጀበና ያፈላነው አንድ ነገር ነበር።

ጦስኝ የኢትዮጵያ ተራሮች ተክል ነው፤ በተፈጥሮ ሌላ አገር አይገኝም። በሳይንስ ስሙ የሚታወሰው ሰው ደግሞ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በ1837 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ትግራይ ገብቶ፣ ዕፅዋት እየለቀመና እያደረቀ ለአውሮጳ ቤተ መዘክሮች ሲልክ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካቆዩአቸው አውሮጳውያን አንዱ እሱ ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ከሌሎቹ ጋር ተለቀቀ፤ ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ሞተ። ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለችውን ያችን አምባ በቴዎድሮስ ሽጉጥና በተዘረፈው ቅርስ ብቻ እናስባታለን። የጦስኝ የሳይንስ ስም የሚያስታውሰው ሰውም እዚያ መክረሙ ሊነገር የሚገባው ነው።

መዓዛው ከተገኘ በኋላ የቀረው ምጥኑ ነው። እዚህ ላይ የረዳኝ ከሩቅ ነው። አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ለባሕር ሸርጣን የሚነሰነስ ኦልድ ቤይ የሚባል ዝነኛ ቅመም አለ። የመጠነው ጉስታቭ ብሩን የሚባል፣ ከናዚዎች አምልጦ የሄደ ጀርመናዊ ይሁዲ የቅመም ነጋዴ ነው፤ በ1939 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑ ነው። የቅመሙ መሠረት የሴለሪ ፍሬ፣ ሰናፍጭና በርበሬ ነው። ሴለሪ የነጭ አዝሙድና የድንብላል ዘመድ ነው፤ ሰናፍጩን ደግሞ እኛም በጾም ቀን ከገበታ አናጣውም። ብሩን ካሰባሰበው ውስጥ ከቅመም ተራችን የማይገኝ እምብዛም የለም።

እኔ የደረስኩበት ምጥን እንዲህ ነው። ደርቆ የተወቀጠ ጦስኝ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ድንብላል ቀለል አድርጎ አምሶ የተፈጨ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ሰናፍጭ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ እርድና ጥምዝ የተፈጩ እያንዳንዳቸው 1 የሻይ ማንኪያ፤ ነጭ አዝሙድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ምክንያቱም ሥራውን ጦስኙ ይዞታል። እሳት የሚያየው ድንብላሉ ነው። ጦስኝና አዝሙድ ከታመሱ መዓዛቸው ቤቱን ሞልቶ ማሰሮው ባዶ ይቀራል። ጨው እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ዓሣው ላይ ለብቻው ይደረጋል። ሚጥሚጣውም እንደ ሐዋሳው ዳጣ ሳህን ጠርዝ ይቀመጥ።

ዓሣውን ተልትላችሁ በጨውና በሎሚ እሹት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት፣ አለቅልቁና በጨርቅ በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከዚያ የቅመሙን ግማሽ በጥቂት ዘይት ለውሳችሁ ትልትሉ ውስጥ አስገቡ። ቲሞል በዘይት ስለሚሟሟ መዓዛው ከዘይቱ ጋር ትልትሉ ውስጥ ይገባል። ከላይ የሽምብራ ዱቄት ስስ አድርጋችሁ አልብሱት፤ ቅመሙን ከእሳቱ የሚከልለው እሱ ነው። ሌላውን ግማሽ ዓሣው ከዘይት እንደወጣ፣ ትኩሱ ላይ ነስንሱ። ሁለት ጊዜ መነስነሱ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን መዓዛው ያለው በሁለተኛው ነው።

ይህን ሁሉ የለፋሁበት ምክንያት ወሎ ውስጥ መኖሬ ነው። እዚህ ሠርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው፤ ሥጋው ግን ይለያያል። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ እስላም አራጅ ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፣ ለብቻ ያሠራል፤ እስላሙም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ክብር ነው፣ ማንም ቅር አይሰኝበትም። ዓሣ ግን እርድ የለውም፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ አያስነሣም። በዐቢይ ጾም ዓሣ የማይቀምስ ክርስቲያን ብዙ ነው፣ የሚበላም አለ፤ እሱ በየሰው ነው። በሌላው ጊዜ ግን አንድ ድስት፣ አንድ ትሪ ለሁሉም ይበቃል። እንዲህ ያለ ምግብ ስም ያለው ቅመም ይገባዋል።

የጦስኙን ነገር አደራ። ደንቆሮ ጫካ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ከዚያ መልቀም አይገባም። ከገበያ ስትገዙ ሥር ያለበትን አትውሰዱ፤ ሥሩ ከተነቀለ ለከርሞ አይኖርም። በማጭድ ወይም በመቀስ ከላይ የተቆረጠው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ንቦቹም አበባውን ያገኙታል። በጓሮ ጥግ ድንጋያማ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ካላችሁ ደግሞ ቁርጥራጩን ክረምት ሲገባ ትከሉት፤ ውኃ ካልተኛበት ይይዛል።